ለትንሽ ትራክተር የሚስማማ የእንጨት መክተፊያ አመራረጥ

ለእርሻ ልማት ሠራተኞችና ለገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ መመሪያ

መግቢያ

ያረጀ ቡና በጉንደላ ሲታደስ፣ የጥላ ዛፍ ሲቀነስ፣ ባሕር ዛፍ ለአጣና ሲቆረጥ፣ የፍራፍሬ ዛፍ ሲገረዝ ብዙ ቅርንጫፍና ጫፍ ማሳው ላይ ይቀራል። ይህ ቅርንጫፍ አንዳንድ ጊዜ ለማገዶ ይለቀማል፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ማሳው ዳር ተከምሮ ይቃጠላል። በሚቃጠልበት ጊዜ ወደ አፈሩ መመለስ የሚችለው ቅጠልና እንጨት አመድ ሆኖ ይቀራል። ይህንኑ ቅርንጫፍ በትራክተር ኃይል ከትፎ ለጉዝጓዝና ለብስባሽ ማዋል ይቻላል። ማሽኑ የሚያወጣውን የእንጨት ቁርጥራጭ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ክታፊ» እንለዋለን።

ትንሽ ትራክተር ያላቸው ማኅበራት ከትራክተሩ ጋር የሚገጠም መክተፊያ ለመግዛት ሲያስቡ ብዙውን ጊዜ የሚመለከቱት ዋጋውንና ሻጩ የሚነግራቸውን የመክተፍ ችሎታ ብቻ ነው። ማሽኑ ከትራክተሩ ጉልበት፣ ከእንጨቱ ዓይነትና ከአካባቢው ከፍታ ጋር ካልተስማማ ግን አባላት ያዋጡት ገንዘብ መጋዘን ውስጥ ዝጎ ይቀራል። ከዚህም በላይ መክተፊያ ሥጋና አጥንትን ከእንጨት የማይለይ ማሽን ነው። ስለዚህ ምርጫው የገንዘብ ብቻ ሳይሆን የሠራተኛውም እጅ ጉዳይ መሆኑን ከመነሻው ማወቅ ይገባል።

መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው፤ መክተፊያ ያስፈልጋል ወይ?

የልማት ሠራተኛው ስለ ማሽን ዓይነት ከመናገሩ በፊት በአካባቢው ቅርንጫፉን ማን እንደሚጠቀምበት ማጥናት አለበት። ጭራሮና ቅርንጫፍ ለብዙ ቤተሰብ ዋናው ማገዶ ነው፤ ለቅመው በመሸጥ የሚተዳደሩ ሴቶችም አሉ። ማኅበሩ ይህን ሁሉ ከትፎ መሬት ላይ ቢያነጥፈው ችግረኛውን ማገዶ ይነሣዋል፤ ያም ሰው ሌላ ዛፍ ወደ መቁረጥ ይሄዳል። በእንዲህ ያለ ቦታ መክተፊያ መግዛት አንመክርም።

መክተፊያ የሚጠቅመው ከማገዶ ተርፎ የሚቃጠል ወይም ማሳውን የሚዘጋ ቅርንጫፍ በብዛት ሲኖር፣ ለክታፊውም ቦታ ሲገኝለት ነው። መጠኑን ለማወቅ ቀላሉ ዘዴ ሃያ ዛፍ ቆርጦ የወጣውን ቅርንጫፍ መመዘንና አማካዩን መውሰድ ነው። ለምሳሌ ከአንድ የቡና ዛፍ ለመክተፍ የሚተርፈው 8 ኪሎ ግራም ቢሆን፣ በ2 ሜትር በ2 ሜትር ርቀት የተተከለ አንድ ሄክታር ማሳ 2,500 ዛፍ ስለሚይዝ 20,000 ኪሎ ግራም፣ ማለትም 200 ኩንታል ይሆናል። ማሽኑ በሰዓት 6 ኩንታል ቢከትፍ ለአንድ ሄክታር 33 ሰዓት ያህል ይፈጃል። በዓመት 10 ሄክታር የሚጎነድል ማኅበር 330 ሰዓት የሚሆን ሥራ አለው ማለት ነው። እዚህ የተጠቀሱት 8 ኪሎና 6 ኩንታል ለስሌቱ ማሳያ የተወሰዱ ናቸው፤ እያንዳንዱ ማኅበር የራሱን መዝኖ መተካት አለበት።

የዓመቱ ሥራ ከ100 ሰዓት በታች ከሆነ ማኅበሩ ብቻውን ከሚገዛ ከጎረቤት ማኅበራት ጋር በጋራ ወይም በዩኒየን አማካይነት ቢገዛ የተሻለ ነው።

የትራክተሩ እውነተኛ ጉልበት ስንት ነው?

በትራክተሩ ላይ የተጻፈው የፈረስ ጉልበት የሞተሩ እንጂ መክተፊያው ዘንድ የሚደርሰው አይደለም። ጉልበቱ በሁለት ምክንያት ይቀንሳል።

ሀ. ከፍታ። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ከፍ ባለ አገር የሚያገኘው አየር ስስ ስለሆነ ጉልበቱ ይቀንሳል። እንደ ግምት በየ100 ሜትሩ ከፍታ 1 በመቶ ይጠፋል ብሎ ማሰብ ይበቃል። ቱርቦ ያለው ሞተር የሚያጣው ከዚህ በጣም ያነሰ ነው።

ለ. ከሞተሩ እስከ ኃይል ማውጫ ዘንግ ያለው መንገድ። ሾፌሮች ፒቲኦ በሚሉት ዘንግ ላይ የሚገኘው ኃይል ከሞተሩ ጉልበት ከ85 እስከ 90 በመቶ ያህሉ ነው።

ባለ 30 የፈረስ ጉልበት ቱርቦ የሌለው ትራክተር እንውሰድ። ከባሕር ወለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ በሆነው በጅማ አካባቢ ሞተሩ ወደ 25 ይወርዳል፤ ዘንጉ ላይ የሚገኘው 21 የፈረስ ጉልበት ያህል ነው። ይኸው ትራክተር 2,800 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው በደብረ ብርሃን ዘንጉ ላይ የሚሰጠው ከ18 እምብዛም አይበልጥም። በባሕር ወለል ደረጃ ተፈትኖ «ለ30 የፈረስ ጉልበት የሚስማማ» የተባለ ማሽን ደጋ ላይ የሚያንገዳግደው በዚህ ምክንያት ነው።

ለመክተፍ የሚያስፈልገው ጉልበት በእንጨቱ ውፍረት ይወሰናል። እንደ መነሻ፣ ለእያንዳንዱ ሴንቲሜትር የእንጨት ውፍረት 2 የፈረስ ጉልበት በዘንጉ ላይ ያስፈልጋል ብለን እንይዛለን። እንደ ወይራና ግራር ላለ ጠንካራ ወይም ለደረቀ እንጨት 2 ተኩል ማድረግ ይሻላል። በዚህ ሂሳብ የጅማው ትራክተር እርጥብ እንጨት እስከ 10 ሴንቲሜትር፣ የደብረ ብርሃኑ ደግሞ እስከ 9 ሴንቲሜትር ይከትፋል። ከዚያ የወፈረው ለማገዶ ወይም ለአጣና የሚሆን ስለሆነ መክተፉ ራሱ ብክነት ነው። ስለዚህ የማጉረሻው አፍ 15 ሴንቲሜትር የሆነ ማሽን ለትንሽ ትራክተር መግዛት አስፈላጊ አይደለም። አፉ ሰፊ ከሆነ ሠራተኛው የትራክተሩን አቅም ረስቶ ወፍራም እንጨት ያጎርሳል።

በእጅ የሚመሩት ባለሁለት ጎማ ትራክተሮች ከ12 እስከ 16 የፈረስ ጉልበት ያላቸው ሲሆኑ ብዙዎቹ ኃይል የሚያስተላልፉት በቺንጋ እንጂ በመደበኛው ዘንግ አይደለም። ለእነርሱ በቺንጋ የሚሠራ አነስተኛ መክተፊያ ብቻ ይስማማል፤ የሚከትፉትም ከ5 ሴንቲሜትር ያልበለጠ ቅርንጫፍ ቢሆን ይመረጣል።

የመክተፊያ ዓይነቶች

1. የዲስክ መክተፊያ። ከባድ የብረት ዲስክ ላይ ከ2 እስከ 4 ቢላዋዎች ይታሠራሉ። ዲስኩ እንደ ቮላኖ ስለሚያገለግል አንድ ጊዜ ከዞረ በኋላ ኃይል ያጠራቅማል፤ ወፍራም እንጨት ሲገባም የትራክተሩን ጉልበት ይደግፋል። ክታፊው እኩል ነው። አሠራሩም ቀላል ስለሆነ በወረዳ ጋራዥ ሊጠገን ይችላል። ለትንሽ ትራክተር በአብዛኛው የምንመክረው ይህንን ነው።

2. የከበሮ መክተፊያ። ቢላዋዎቹ በሚሽከረከር ከበሮ ላይ ናቸው። ቅርንጫፉ የተንዛዛና ቅጠላም ሲሆን በኃይል ስቦ ያስገባል። ነገር ግን ብዙ ጉልበት ይጠይቃል፤ ሲስብም ኃይለኛ ስለሆነ የሠራተኛውን ጥንቃቄ ይሻል። ጉልበቱ ለሚተርፍ ትራክተር እንጂ ለትንሹ አይመችም።

3. ባለመዶሻ መፍጫ። በቢላዋ ፈንታ የሚወዛወዙ መዶሻዎች እንጨቱን ይሰባብራሉ። አፈርና ጠጠር የነካው ቅርንጫፍ ቢገባበት እንደ ቢላዋ ቶሎ አይዶለዱምም። ቀጭን ቅርንጫፍ፣ ቅጠልና የደረቀ አገዳ ለብስባሽ ለማዘጋጀት መልካም ነው። ለወፍራም እንጨት ግን አይሆንም፤ ለተመሳሳይ ሥራም ከቢላዋ የበለጠ ናፍጣ ይፈጃል።

ቀርከሃ፣ እንሰትና እርጥብ የበቆሎ አገዳ ቃጫቸው ረጅም ስለሆነ በዲስክ መክተፊያ ዘንግ ላይ እየተጠመጠሙ ያንቁታል። ዋናው ሥራ ይህ ከሆነ የሚያስፈልገው የመኖ መቆራረጫ እንጂ የእንጨት መክተፊያ አይደለም።

በቀጥታ ወይስ በቺንጋ?

መደበኛው የኃይል ማውጫ ዘንግ በደቂቃ 540 ጊዜ ይዞራል። አንዳንዱ መክተፊያ ዲስኩን በዚሁ ፍጥነት በቀጥታ ያዞራል፤ ሌላው በፑሌጃና በቺንጋ ፍጥነቱን ያሳድጋል። ልዩነቱ በሂሳብ ይታያል። ዲስኩ 60 ሴንቲሜትር ስፋት ቢኖረውና በደቂቃ 540 ጊዜ ቢዞር ጠርዙ በሴኮንድ 17 ሜትር ያህል ይሮጣል። በቺንጋ እጥፍ ቢሆን 34 ሜትር ይሆናል። ዝግ ያለው ዲስክ ክታፊውን በማውጫው ቱቦ አርቆ ለመወርወር ይቸገራል፤ በተለይ እርጥብ ቅጠል ሲበዛ ይታነቃል።

ስለዚህ በቀጥታ የሚዞር ማሽን ሲመረጥ ዲስኩ ሰፊና ከባድ፣ የንፋስ ክንፍም ያለው መሆኑ መታየት አለበት። የቺንጋው ዓይነት በተሻለ ፍጥነት ይሠራል፤ እንጨት ሲሰነቀርም ቺንጋው ስለሚንሸራተት ትራክተሩን ከጉዳት ያድናል። ነገር ግን ቺንጋ ያልቃል። ቁጥሩ በአቅራቢያ ከተማ ገበያ ላይ የማይገኝ ከሆነ ማሽኑ ለአንድ ቺንጋ ሲባል ይቆማል።

እንጨቱ እንዴት ይገባል?

በትናንሾቹ መክተፊያዎች እንጨቱ በሰያፍ ማጉረሻ ይገባና ቢላዋው ራሱ ይስበዋል። ይህ ዓይነት ዋጋው ዝቅተኛ፣ ክብደቱም ትንሽ ነው። ጉድለቱ ጠማማና የተንዛዛ ቅርንጫፍ ሲሆን ሠራተኛው መግፋት መፈለጉ፣ ቢላዋው ሲዶለዱምም መሳቡ መቆሙ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት በሃይድሮሊክ የሚዞሩ ሳቢ ሮለሮች አሉት። እንጨቱን በተመጠነ ፍጥነት ያስገባል፤ ሲሰነቀርም ወደ ኋላ ይመልሳል። የተሻሉት ላይ የዲስኩ ፍጥነት ሲቀንስ ሮለሩን የሚያቆም መቆጣጠሪያ አለ። ይህ ለትንሽ ትራክተር እጅግ ጠቃሚ ነው። ይሁን እንጂ የሃይድሮሊክ ፓምፕ፣ ጎማ ቱቦና ዘይት ጥገና ይፈልጋሉ፤ ክብደቱም ይጨምራል።

ምክራችን እንዲህ ነው። ቀጥ ያለ የቡና ግንድና የባሕር ዛፍ ጫፍ ለሚከትፍ፣ የሃይድሮሊክ ጥገና በአቅራቢያው ለሌለው ማኅበር ራሱ የሚስበው ዓይነት ይበቃዋል። የተንዛዛ የጥላ ዛፍ ቅርንጫፍ ለሚበዛበት፣ በዓመትም ከ200 ሰዓት በላይ ለሚሠራ ባለ ሮለሩ ይሻላል።

ከትራክተሩ ጋር መገጣጠሙ

ገዢዎች ከመዋዋላቸው በፊት ሜትርና ካሊፐር ይዘው የሚከተሉትን ይለኩ።

ሀ. የዘንጉ ጥርስ። የመደበኛው 540 ዘንግ ውፍረት 35 ሚሊሜትር፣ ጥርሱም 6 ነው። የማሽኑ ካርዳን ከዚህ ጋር መግጠም አለበት።

ለ. የመያዣው ፔርኖ። የትንሽ ትራክተር ባለሦስት ነጥብ መያዣ ብዙውን ጊዜ 1ኛ መደብ ሲሆን የታችኞቹ ፔርኖዎች 22 ሚሊሜትር፣ የላይኛው 19 ሚሊሜትር ናቸው።

ሐ. ክብደት። የማሽኑ ክብደት ከትራክተሩ የማንሣት አቅም ከሁለት ሦስተኛው እንዳይበልጥ እንመክራለን። ከበለጠ ዳገት ላይ የፊት ጎማው ይነሣና መሪው አይታዘዝም።

መ. የካርዳኑ ርዝመት። ትራክተሩ መያዣውን ሲያነሣና ሲያወርድ ሁለቱ ቱቦዎች መጋጨት ወይም መለያየት የለባቸውም። እርስ በርስ የሚገቡበት ርዝመት ቢያንስ አንድ ሦስተኛ ይሁን። የፕላስቲክ መሸፈኛው ያልተሟላ ካርዳን አይወሰድ።

ሠ. ባንድ አቅጣጫ ብቻ የሚይዝ ፍሪሲዮን። የብስክሌት ፔዳል ቆሞ ጎማው እንደሚዞር ሁሉ፣ ትራክተሩ ሲቆም ዲስኩ ብቻውን እንዲዞር የሚያደርገው ይህ ነው። ይህ ከሌለ ከባዱ ዲስክ የማርሹን ዘንግ እየነዳ ትራክተሩን ወደ ፊት ሊገፋው ይችላል፤ ማርሹንም ይጎዳል። በተለይ ለቆዩ ትራክተሮች አስፈላጊ ነው።

ረ. የሚቆረጥ ቡሎን። ማሽኑ ሲሰነቀር ሌላው እንዳይሰበር ተቆርጦ የሚያድን ቡሎን ነው። በቆረጠ ቁጥር በዚያው ጥንካሬ ባለው ይተካ እንጂ በጠንካራ ቡሎን ወይም በሚስማር መተካት ፈጽሞ አይገባም።

ቢላዋና ጥገና

የመክተፊያ ሕይወቱ ቢላዋው ነው። የደነዘ ቢላዋ ጉልበትና ናፍጣ ይበላል፤ ሠራተኛውንም እንዲገፋ ያስገድደዋል። መዶልዶሙ የሚታወቀው ክታፊው ጠርዙ ንጹሕ መሆኑ ቀርቶ የተቦጫጨቀ ሲሆን፣ እንጨቱ ማጉረሻው ውስጥ ሲዘል፣ ትራክተሩም ጥቁር ጭስ ሲያበዛ ነው።

በሁለት በኩል ስለት ያለውና ተገልብጦ የሚሠራ ቢላዋ ይመረጣል። ሁለት ሙሉ ትርፍ ቢላዋ ከማሽኑ ጋር እንዲመጣ በውሉ ይጻፍ። ቢላዋዎቹ ሲሳሉ ሁሉም እኩል መሳል አለባቸው፤ አንዱ ከሌላው ከቀለለ ዲስኩ ይንቀጠቀጥና ኩሽኔታው ይበላሻል። በሚሽከረከረው ቢላዋና በቋሚው መመከቻ መካከል ያለው ክፍተት በአምራቹ መመሪያ መሠረት ይስተካከል፤ በአብዛኛው ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ነው። ከባሌስትራ ተቀጥቅጦ የተሠራና በአግባቡ ያልጠነከረ ቢላዋ ሊሰበር ይችላል፤ በሴኮንድ 30 ሜትር የሚሮጥ ስባሪም ሰው ይገድላል።

ኩሽኔታዎቹ ስንት ቁጥር እንደሆኑ፣ የግራሶ መግቢያዎቹ በቀላሉ የሚደረስባቸው መሆናቸው፣ የዲስኩ ክዳን በተራ ቁልፍ የሚከፈት መሆኑ ከግዢ በፊት ይታይ። አፈር የነካ ሥርና ጉቶ በቢላዋ መክተፊያ አይግባ።

የሠራተኛው ደኅንነት

1. ከማጉረሻው ጠርዝ እስከ ቢላዋው ያለው ርቀት ከረጅም ሰው ክንድ በላይ መሆን አለበት። ከ1 ሜትር ከ20 ያጠረ ማጉረሻ ያለው ማሽን በርካሽም ቢገኝ አይገዛ።

2. ባለ ሮለር ማሽን ላይ ሰው በሰውነቱ ሲገፋው ሮለሩን የሚያቆም ማቆሚያ መኖር አለበት።

3. ነጠላ፣ ጋቢ፣ ሻሽ፣ የተንዘረፈፈ እጅጌና ክር ያለው ጓንት ለብሶ ማጉረስ ክልክል ይሁን። የዓይን መነጽር ያስፈልጋል።

4. የሚያጎርሰው ሰው ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ጎን ይቁም፤ ቅርንጫፉን በወፍራሙ ጫፍ አስገብቶ ወዲያው ይልቀቅ። የቀረውን አጭር እንጨት በሌላ እንጨት ይግፋ፤ በብረት፣ በእጅ ወይም በእግር ፈጽሞ አይገፋ።

5. ማሽኑ ሲታነቅ መጀመሪያ ኃይል ማውጫው ይነቀል፤ ሞተሩ ይጥፋ፤ ቁልፉ ከሾፌሩ ኪስ ይግባ። ከዚያ በኋላ ዲስኩ ፈጽሞ እስኪቆም ይጠበቅ። ከባድ ዲስክ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ለተወሰነ ደቂቃ ይዞራል።

6. በማውጫው ቱቦ ፊት ሰው አይለፍ። ሕፃናትና ከብቶች እንዳይጠጉ አንድ ሰው ይጠብቅ።

በሽታና አረም በማሽኑ እንዳይዛመት

ይህ ክፍል ለቡና አካባቢ ማኅበራት ከሁሉ የበለጠ ነው። በቡና አድርቅ በሽታ የተያዘ ዛፍ ከቶ መከተፍ የለበትም። በሽታው ፈንገስ ሲሆን በቁስል በኩል ይገባል፤ በአፈርና በመቁረጫ መሣሪያም ይዛመታል። የታመመው ዛፍ ቅጠሉ ብዙ ጊዜ ባንድ ወገን ጀምሮ ይጠወልጋል፤ ከግንዱ ግርጌ ቅርፊቱ ሲላጥ እንጨቱ ላይ ጥቁር ወይም ቡናማ መሥመር ይታያል። እንዲህ ያለው ተነቅሎ እዚያው በቦታው ይቃጠል። ተከትፎ ለጉዝጓዝ ከዋለ ግን ማኅበሩ በገዛ ገንዘቡ በሽታውን በማሳው ሁሉ ይበትነዋል። ስለሆነም ጉንደላው ከመጀመሩ በፊት የልማት ሠራተኛው ማሳውን ዞሮ የታመመውን ምልክት ያድርግበት።

መክተፊያው ከማሳ ወደ ማሳ ሲዛወር ክታፊውና አፈሩ ይጠረግ፤ ቢላዋውና ማጉረሻው በበረኪና ውሃ ይታጠብ፤ ከደረቀም በኋላ እንዳይዝግ ዘይት ይቀባ። በጋራ የሚገዙ ማኅበራት ይህን በመተዳደሪያ ደንባቸው ቢያስገቡት መልካም ነው።

በአፋር ቆላ ፕሮሶፒስ ለሚመነጥሩም ማስታወሻ አለን። ፍሬ የያዘ ቅርንጫፍ ቢከተፍ ዘሩ ከክታፊው ጋር ይበተናል። ፍሬው አስቀድሞ ይለቀም ወይም ምንጣሮው ፍሬ በሌለበት ወቅት ይሁን።

የክታፊው አጠቃቀም

ለጉዝጓዝ ከ5 እስከ 8 ሴንቲሜትር ውፍረት ይነጠፋል፤ ከቡናው ግንድ አንድ ስንዝር ያህል ይራቅ። ክታፊ ከአፈር ጋር ተቀላቅሎ መታረስ የለበትም፤ ሲበሰብስ የአፈሩን ናይትሮጅን ስለሚሻማ ሰብሉ ቢጫ ይሆናል። ለብስባሽ ሲሆን ከፍግና ከለምለም ቅጠል ጋር ይደባለቅ። የባሕር ዛፍ ክታፊ ሳይበሰብስ በችግኝ መደብ ላይ አይዋል። ትኩስ ክታፊ በክምር ውስጥ ስለሚግል ቁመቱ ከ2 ሜትር አይብለጥ፤ ከቤት ግድግዳም አይጠጋ።

ከመግዛት በፊት የሚደረግ ሙከራ

ሻጩ ማሽኑን በማኅበሩ ትራክተር፣ በማኅበሩ እንጨት፣ በማኅበሩ ማሳ ላይ እንዲያሠራ ይጠየቅ። የትራክተሩ ታንክ ሞልቶ አንድ ሰዓት ይሠራ። ከዚያም የሚከተለው ይመዝገብ፤

— ስንት ጆንያ ክታፊ ወጣ፣ ስንት ኩንታልስ መዘነ?
— ታንኩን እንደገና ለመሙላት ስንት ሊትር ናፍጣ ገባ? 20 የፈረስ ጉልበት በሙሉ ጫና ሲሠራ ከ4 እስከ 5 ሊትር ይፈጃል፤ ከዚህ በጣም ከበለጠ ምክንያቱ ይጣራ።
— ስንት ጊዜ ታነቀ? ለማጽዳትስ ስንት ደቂቃ ወሰደ?
— ስንት ሰው አስፈለገ?
— ኩሽኔታው እጅ የማያስነካ ያህል ጋለ ወይ?

ከዚህ በኋላ የናፍጣው፣ የሠራተኛው፣ የቢላዋ መሳያውና የማሽኑ ዓመታዊ እርጅና ተደምሮ ለወጣው ኩንታል ይካፈል። የተገኘው ዋጋ ማኅበሩ ለጉዝጓዝ የሚሆን ሣር ከሚገዛበት ወይም አረም ለማረም ከሚያወጣው ጋር ይነጻጸር። መክተፊያው የሚያዋጣው በዚህ ማነጻጸሪያ ሲያልፍ ብቻ ነው።

ማጠቃለያ

ከ20 እስከ 35 የፈረስ ጉልበት ላለው ትራክተር በአብዛኛው የሚስማማው እስከ 10 ሴንቲሜትር የሚከትፍ፣ ከባድ ዲስክ ያለው፣ ማጉረሻው ረጅም፣ ቢላዋውና ኩሽኔታው በአገር ውስጥ የሚተካ ማሽን ነው። የልማት ሠራተኛው ይህን ጽሑፍ በጠቅላላ ጉባኤው ፊት ቢያነብና ሂሳቡን ከአባላቱ ጋር ቢሠራ፣ ማኅበሩ ለመግዛትም ሆነ ለመተው የሚወስነው አውቆ ይሆናል። አንገዛም ብሎ መወሰንም ከተሟላ ሂሳብ የመነጨ ከሆነ ትክክለኛ ውሳኔ ነው።